ቦሎቄው በስሎ ነበር

«አባቴ የሞተው እጄን ይዞ ነው» አለ ሬዲዮው።

አርሊን ፕሩዊት ለቁርስ የሚሆን ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋ ግማሹ በተላጠው ድንች ላይ ቆመች። ድምፁን ከሺህ ድምፅ መሀል ትለየዋለች፤ የታናሽ ወንድሟ የሎኒ ነው። እናቷ ኦፓል ከጠረጴዛው ተነሡና ወገባቸውን ይዘው እስከ ማቀዝቀዣው ሄደው፣ አናቱ ላይ የተቀመጠውን ሬዲዮ ድምፁን ጨመሩት። ወጥ ቤቷ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው መዞሪያ የማያገኝባት ናት። ከግድግዳዋ ወዲያ ያለችው ክፍል ደግሞ አባቷ ሽማግሌው ሆበርት ፕሩዊት አሥራ አንድ ወር ተኝተው የሞቱባት ናት፤ ይኸው ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ያን ዕለት ይዘውት የነበረው እጅ የሎኒ አልነበረም። የአርሊን እጅ ነበር፤ ይኸው አሁን ድንች የያዘው፣ የሆቴል አንሶላ በማጠብ ብዛት ቆዳው የተሰነጣጠቀው።

ጋዜጠኛዋ ሃያ ሁለት ዓመት በሮክ መድረክ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው እንዴት ካንትሪ ዘፋኝ ሊሆን እንደቻለ ጠየቀችው። ሎኒ ትንሽ ሳቅ አለና «ሮክ ላይ የፈለግሽውን ሆነሽ ማደር ትችያለሽ፤ ካንትሪ ግን ውሸት አይወድም» አላት። ከዚያ ታሪኩን ቀጠለ። ማታ ነበር፤ ጨረቃዋ በመስኮት ገብታ የአባቱን ፊት ታበራለች፤ አባቱ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው «ዲነር ደረሰ እንዴ?» ብለው ጠየቁት፤ እሱም «አዎ አባዬ፣ ደርሷል» አላቸው፤ በዚያው አሸለቡ። ጋዜጠኛዋ አፍንጫዋን ሳብ ስታደርግ ተሰማ። ቀጥሎ ዘፈኑ መጣ፣ «ደርሷል አባዬ» የሚለው፣ ዘንድሮ በናሽቪል ከተማ ከነዳጅ ማደያ እስከ ጥርስ ሐኪም ቤት ያልተከፈተበት የሌለ።

እዚህ ላይ ስለ ዲነር አንድ ነገር ልናገር። እኛ ከምሥራቅ ቴነሲ ኮረብቶች ወርደን እዚህ ከተማ ፋብሪካ የገባን ሰዎች ዲነር የምንለው የቀትሩን ምግብ ነው። የማታው ሰፐር ነው። ከተሜውና ቴሌቪዥኑ ግን ዲነር ሲሉ የማታውን ማለታቸው ነው። ሆበርት እስኪሞቱ ድረስ የማታውን ምግብ ዲነር ብለው አያውቁም፤ የሞቱትም ማክሰኞ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ፀሐይ አልጋቸው ግርጌ ላይ ተዘርግታ፣ የጎረቤት ሣር ማጨጃ እየጮኸ ነው። ሎኒ ያን ቀን ሐምቡርግ ነበር። አርሊን ስትደውልለት እዚያ መሽቷል፤ ከስልኩ ወዲያ ከበሮ የሚሞክር ሰው ይሰማ ነበር። «ምን አለ? መጨረሻ ላይ ምን አለ?» እያለ አለቀሰ። ነገረችው። ሃያ ዓመት ሎስ አንጀለስ የኖረ ሰው ዲነር የሚለውን ሰምቶ ማታ አደረገው፤ ለማታው ደግሞ ጨረቃ ፈለገለት። ሌባ እንኳ የወሰደውን ዕቃ ስም ያውቃል፤ እሱ ግን ሲወስድም አስተካክሎ አልወሰደም።

ለነገሩ አርሊንም ያን ቀን ሙሉውን አልነገረችውም። ሆበርት «ዲነር ደረሰ እንዴ?» ባሉ ጊዜ እሷ ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ «እማዬ፣ ደረሰ ወይ ይላል!» ብላ ተጣርታ ነበር። ኦፓል ቦሎቄውን ጥደው የበቆሎ ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ከተው፣ እጃቸው በዱቄት እንደተለወሰ፣ «ገና ነው በይው!» አሉ። ሽማግሌው ሰሙ። እሺ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የልጃቸውን እጅ ጠበቅ አድርገው ያዙ፣ ከዚያ በኋላ አልተነፈሱም። ይህን አርሊን ለማንም አልተናገረችም። ለሎኒም በስልክ «ደርሷል አልነው፣ ደስ ብሎት ሄደ» ያለችው እናቷ አጠገቧ ቆመው ይሰሙ ስለነበር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያቺ ቃል ዞራ ዞራ ዘፈን ሆነች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ምግብ ደረሰ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ሲደርስ ይቀርባል፣ ሲቀርብ ይበላል።

«ሰማሽ እማዬ?» አለች አርሊን።

«ሰማሁ።»

«እጄን ይዞ ነው አለ።»

«ድንቹ ይጠቁርብሻል።»

«ማታ ነበር አለ እኮ! ጨረቃ ነበረች አለ!»

«ዝም አይነቅዝም፣ አርሊን» አሉ ኦፓል፣ ዘፈኑ እንዳያመልጣቸው እጃቸውን እያወናጨፉ። «ልጁ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ሰው የሆነው። ደግሞ ዘፈን ነው፤ መሐላ አይደለም።»

በኦፓል መፍረድ ያስቸግራል። ሎኒ ሮከር በነበረ ጊዜ ስሙም ሎኒ አልነበረም፤ ዳክስ ነበር። ዓይኑን ተኩሎ፣ ጥፍሩን ጥቁር ቀብቶ፣ ምላሱን አውጥቶ የተነሣው ፎቶ በየመብራት ምሰሶው በተለጠፈ ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እናቱን በሩቁ መሸሽ ጀመሩ፤ አንዷማ «ለልጅሽ እየጸለይንለት ነው» ብላ በሰው ፊት አሳፍራቸዋለች። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት የኋላ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ቆይቶ ቡድኑ ፈረሰ፣ የሎኒ ጉሮሮ ደከመ፣ ጥቁር ካናቴራ ለብሰው ይከተሉት የነበሩት ልጆችም ወልደው ከብደው ቤታቸው ቀሩ። በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ባርኔጣና ቦት ጫማ ገዝቶ፣ አባቱ ያወጡለትን ስም ከመሳቢያ አውጥቶ አራግፎ መጣ። አሁን ፓስተሩ ራሱ በር ላይ ቆሞ ኦፓልን ይጨብጣቸዋል፤ ያቺ ስትጸልይ የነበረችዋም ሴት አልበሙን አስፈርሙልኝ ብላ ለምናለች። አርሊን ይህን ሁሉ ታያለች፤ ደስም ይላታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መሀል ከተማ በሚያቀርበው ዝግጅት ላይ፣ ያን ዘፈን ከመጀመሩ በፊት፣ «አባቴ ሲሞት አጠገቡ የነበረችው እህቴ ናት» እንዲል። አንዲት ዐረፍተ ነገር። ዘፈኑን ይውሰድ፣ ጨረቃዋንም ይውሰድ፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ያገላበጠችውን ሰው እጅ ግን አሳልፋ አትሰጥም።

ቅዳሜ በፕሩዊት ቤት የቦሎቄ ቀን ነው። ኦፓል ረፋዱ ላይ ድስቱን ከእሳት አውርደው ከደኑት፣ ሰማያዊውን ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ ፀጉራቸው እንዳይነቃነቅ ግማሽ ጣሳ ስፕሬይ ነፉበት። መኪናውን አርሊን ነዳች። ሆበርት ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናቸውን በነፃ ያቆሙባት የነበረች ሜዳ ዛሬ አርባ አምስት ዶላር ጠየቀች፤ ኦፓል «ለመቆም ነው ለመግዛት?» ብለው ጠባቂውን አሳቁት። ጎዳናው ሌላ አገር መስሏል። ለሠርግ ዋዜማ ጭፈራ ከሩቅ ከተማ የመጡ ሙሽሮችና ሚዜዎቻቸው ሮዝ ባርኔጣ ደፍተው፣ በፔዳል በሚነዳ ጋሪ ላይ እየጠጡ ይጮኻሉ። በየመጠጥ ቤቱ መስኮት አንድ አንድ ዘፋኝ ቆሞ ስለ እናቱ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ ጭነት መኪናው ያለቅሳል፤ ቢራው አሥራ ሦስት ዶላር ነው፣ ለቅሶው ነፃ። አርሊን እናቷን በክንዳቸው ደግፋ በሰው መሀል ስታሳልፍ ያቺን ዐረፍተ ነገር በሆዷ ደጋግማ ትላታለች፣ ወንድሟ ቢጠፋበት እንድታቀብለው።

ሎኒ ከመድረኩ ኋላ ባለው ኮሪደር ላይ ተቀበላቸው። እናቱን አቅፎ ከመሬት አነሣቸው፤ ኦፓል «ተው፣ ፀጉሬን!» እያሉ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ቦት ጫማው አዲስ ስለሆነ ሲራመድ ይጮኻል፤ አንገቱ ላይ ያለውን የእባብ ንቅሳት በቀይ መሐረብ ሸፍኖታል። እናታቸው በተሰጣቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ከአንዲት የፀጉር ባለሙያ ጋር ወሬ እስኪይዙ ጠብቃ አርሊን ወንድሟን ወደ ግድግዳው ሳበችው።

«ሎኒ፣ በእኛ ቤት ዲነር ስንት ሰዓት ነው የሚበላው?»

«ምን ማለትሽ ነው ሲሲ?» አላት። ኮረብታው ላይ ታላቅ እህት ሲሲ ናት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

«መልስልኛ። አባዬ ዲነር ሲል መቼ ነበር የሚበላው?»

ሎኒ ሊስቅ ጀመረና አቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቱ ላይ የታየውን ነገር አርሊን ወደደችው፤ እውነተኛ ድንጋጤ ነበር። «ቀን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቀን ነው የሞተው። እኔ ደግሞ ስትደውይ መሽቶ ስለነበር...» ዓይኑ እንባ ሞላ። «ንገሪኝ እስቲ። ሁሉንም ንገሪኝ።»

ሦስት ዓመት ከአራት ወር ማንም ንገሪኝ ብሏት አያውቅም። ነገረችው። ማክሰኞውን፣ ሰዓቱን፣ አልጋው ግርጌ የነበረችውን ፀሐይ፣ የሣር ማጨጃውን፣ የቦሎቄውን ሽታ፣ ወደ ወጥ ቤት መጣራቷን፣ እጃቸው መጨረሻ ላይ እንዴት እንደጠበቀ፣ ሁሉንም፤ «ገና ነው» የሚለውን ብቻ ለራሷ አስቀረች። እሱ ራሱን እየነቀነቀ፣ ከንፈሩን እየነከሰ ሰማት። ስትጨርስ ያዘጋጀቻትን ጠየቀችው።

«ከዘፈኑ በፊት እህቴ ነበረች በል። ሌላ አልፈልግም።»

«ሲሲ፣ እንደሱ ብዬ ብዘፍን ማን ያምነኛል? ካንትሪ ነው እኮ። ሰው ዘፋኙ እዚያ እንዲሆንለት ይፈልጋል።»

«ካንትሪ ውሸት አይወድም ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ፣ ዛሬ ጠዋት?»

ሎኒ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር። ከወዲያ አንድ ሰው ጊዜው ደርሷል ብሎ ጠራው። ባርኔጣውን ደፋና ግንባሯን ሳማት። «እሺ። ስምሽን እጠራለሁ። አባዬ ይሙት!» አለ፤ የሞተን ሰው ይሙት ብሎ እንደማለ እንኳ አልታወቀውም። አርሊን ወደ እናቷ ስትመለስ ያቺን ዐረፍተ ነገር በሆዷ መደጋገሟን ተወችው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው ያስቀመጧቸው። አዳራሹ ሁለት ሺህ ሰው ይይዛል፤ ዝግጅቱም በቀጥታ በሬዲዮ ይተላለፋል። ሎኒ ሦስት ዘፈን ዘፈነ። ከኋላ ረድፍ ጥቁር ካናቴራ የለበሱ ጥቂት ፀጉረ ሽበቶች «ዳክስ! ዳክስ!» እያሉ የድሮውን ጩኸት ቢለምኑት፣ «ዳክስ ሞቷል፣ ቀብሬው ነው የመጣሁት» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። መልካም ዘፋኝ ነው፤ ይህን አርሊንም አትክድም። ያ ሲጮህበት የኖረው ጉሮሮው ሻክሮ፣ ዝቅ ሲያደርገው የሽማግሌውን የሆበርትን ድምፅ ያስታውሳል። ከዚያ ጊታሩን ደረቱ ላይ አሳርፎ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አለ። ኦፓል የአርሊንን ክንድ ያዙ።

«ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ያዳመጣችሁኝ ካላችሁ፣ አባቴ የሞተው ማታ ነው ብዬ ነበር» አለ። «ተሳስቻለሁ።»

አርሊን ወንበሯ ላይ ቀና አለች።

«ሐዘን ሰዓት ያምታታል። ቀን ነበር። ማክሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ። እኛ የኮረብታ ሰዎች ዲነር የምንለው የቀትሩን ነው፤ ይህን እንኳ ረስቼው ኖሬ ያስታወሰችኝ እህቴ አርሊን ናት፤ ይችውላችሁ፣ እዚህ አለች። ፀሐይ አልጋው ግርጌ ላይ ነበረች። ጎረቤት ሣር ያጭዳል። የአባቴ እጅ በእጄ ውስጥ ነው፤ መጨረሻ ላይ እንዴት ጠበቅ እንዳደረገኝ እስከዛሬ ይሰማኛል። አርሊን ወጥ ቤት ቦሎቄ ጥዳ ነበር።» አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። «ሲሲ፣ ተነሺላቸው!»

መብራቱ መጥቶ ፊቷ ላይ አረፈ። አርሊን ተነሣች፤ መነሣቷንም አላወቀችውም። ሰው ያጨበጭባል፣ ከኋላዋ አንዲት ሴት «እግዜር ይባርክሽ» ትላለች። ሰውነቷ ውስጥ ያለው ንዴት ከእግሯ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ሸሽጋ ያኖረችውን ጌጥ በገዛ እጇ አውጥታ ለሰው እንዳስታጠቀች ሴት ሆነች። ሎኒ ሁለቱን ደረጃ ወርዶ ማይክራፎኑን ይዞ ወደ እሷ መጣ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ደግሞም የምሩን ነው፤ እያወራ ራሱን አሳምኗል።

«እኔ ከአልጋው አጠገብ ሆኜ፣ ሲሲ፣ ደረሰ ወይ ይላል ብዬ ጠራሁሽ» አላት። «ምን አልሽው?»

ማይክራፎኑ አፏ ላይ ነው። አንተ አልነበርክም ማለት ትችላለች፤ ሁለት ሺህ ሰው ይሰማታል፣ በሬዲዮም ከተማው ይሰማታል። ወጥ ቤት የነበርኩት እኔ አይደለሁም ማለትም ትችላለች። ከዚያ ግን ማን ነበረ ይባላል። ምን ብላ መለሰች ይባላል። አርሊን ዝቅ ብላ እናቷን አየች። ኦፓል ወንድ ልጃቸውን እያዩ አልነበረም። የአርሊንን አፍ ነበር የሚያዩት፣ የሐኪም ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው፤ ሁለት እጃቸው ሰማያዊውን ቀሚሳቸውን ጨምድዷል። አርሊን ጠዋት ጠዋት ያ ሬዲዮ ለምን ከፍ እንደሚል ያን ጊዜ ገባት። የልጃቸው ዝና አልነበረም። «አዎ አባዬ፣ ደርሷል» የሚለውን ለመስማት ነበር።

«ደርሷል አልኩት» አለች አርሊን።

ድምፅዋ አዳራሹን ዞሮ ወደ ጆሮዋ ሲመለስ የሌላ ሰው መሰላት። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ እህ ብሎ ተነፈሰ፤ ጊታሩ ጀመረ። ሁለት ሺህ ሰው አብሮ ሲዘፍን ከሁሉ በላይ የሚሰማት የእናቷ ድምፅ ነበር፣ ዜማው የጠፋበት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ፣ «ደርሷል አባዬ፣ ደርሷል» የሚል። አርሊን ቁጭ ብላ አለቀሰች። አጠገቧ ያሉት ሰዎች በዘፈኑ ተነክታ መስሏቸው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ ቀብራ ነበር፤ በዚህኛው ቀብር ግን ከእሷ በቀር ያወቀ የለም።

ከዝግጅቱ በኋላ ሎኒ በላብ እንደራሰ መጥቶ አቀፋት። «ስምሽን ጠራሁ አይደል?» አላት፣ እንደ ልጅ ዓይኗን ዓይኗን እያየ። «ጠራህ» አለችው።

ቤት ሲደርሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ የዲነርም ያልሆነ የሰፐርም ያልሆነ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ ድንች ወዲህ እህል አልቀመሱም። ኦፓል ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ሬዲዮውንም ሳይከፍቱ፣ ሆበርት ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አርሊን ድስቱን ምድጃው ላይ ጣደች፣ እሳቱን ለኮሰች፣ ጀርባዋን ለእናቷ እንደሰጠች ቆመች። የማቀዝቀዣው ሞተር ተነሥቶ ጠፋ።

«ቦሎቄው በስሎ ነበር» አሉ ኦፓል።

አርሊን አልዞረችም።

«ያን ለት። ቦሎቄውማ በስሎ ነበር። ዳቦው እስኪወጣ ብዬ ነው እንጂ... ያለ ዳቦ አይወድም ብዬ።» ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ በመዳፋቸው ጠረጉ። «ሰምቶኛል?»

«አልሰማም እማዬ። ተኝቶ ነበር።»

ኦፓል ይህን መልስ እንደ ዕቃ አገላብጠው ያዩት መሰሉ። ከዚያ ሦስት ዓመት ከአራት ወር በዚያ ቤት ያልተጠየቀውን ጥያቄ በቀስታ ጠየቁ። «ዲነር ደረሰ እንዴ?»

አርሊን ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ከተተች። ከላይ ያለው ሞራ ገና አልቀለጠም፤ ማንኪያው ላይ ረግቶ ቀረ። እሳቱን አጠፋችው።

«ደርሷል እማዬ» አለችና ቀዝቃዛውን ቀድታ አቀረበችላቸው።

ኦፓል አንድ ማንኪያ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

«ደህና ሞቋል» አሉ።